ለሥዕል እስትንፋስ የሰጠ ሠዓሊ

ሀ. ከንባብ በፊት የሚደረግ ውይይት

1. በደብተር ጠርዝ ላይ በየገጹ ትንንሽ ሥዕሎች ተራ በተራ ተሥለው ገጾቹ በፍጥነት ሲገለጡ ምን ይታያል? ምክንያቱስ ምን ይመስላችኋል?
2. «ጥበብ» እና «ንግድ» በሚሉት ቃላት መካከል ምን ልዩነት አለ? አንድ ሥራ ሁለቱንም ሊሆን ይችላልን?
3. በርእሱ ውስጥ «እስትንፋስ» የሚለው ቃል ለምን የገባ ይመስላችኋል? ግምታችሁን ጻፉና ምንባቡን ካነበባችሁ በኋላ አመሳክሩት።

ለ. ምንባብ

(በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕል በባሕርዩ የማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ሠዓሊ የሚጋልብ ፈረስ ቢሥል ፈረሱ እግሩን እንዳነሣ ይቀራል። ይሁን እንጂ የሰው ዓይንና አእምሮ፣ በፍጥነት ተከታትለው የሚያልፉና እርስ በርሳቸው በጥቂቱ ብቻ የሚለያዩ ምስሎችን ሲያዩ፣ ምስሎቹን አንድ በአንድ ለይተው መቁጠር ስለማይችሉ ያልተቋረጠ እንቅስቃሴ አድርገው ይቀበሏቸዋል። የሲኒማ ጥበብ በሙሉ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። በተራው ፊልም ውስጥ ምስሎቹን የሚያነሣው ካሜራ ሲሆን፣ በካርቱን ፊልም ውስጥ ግን እያንዳንዱን ምስል የሚፈጥረው የሠዓሊው እጅ ነው። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን በአንድ ሴኮንድ 16 ምስሎች ያልፉ ነበር ተብሎ ቢታሰብ፣ ለአንዲት ደቂቃ ትርዒት ብቻ 960 ሥዕሎች ያስፈልጉ ነበር ማለት ነው። የሥራው ድካም ከዚህ ስሌት ይታያል።

ይህን ድካም ከሁሉ አስቀድሞ የሞከረው አሜሪካዊው ዊንዘር ማኬይ አይደለም። ጄ. ስቱዋርት ብላክተን በ1906 በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣሉ ፊቶች ሲለዋወጡ የሚያሳይ አጭር ፊልም አዘጋጅቶ ነበር። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮልም በ1908 ከ700 በሚበልጡ ሥዕሎች «ፋንታስማጎሪ» የተባለውን ፊልም ሠርቷል። እነዚህ ሥራዎች በመስመር የሚጫወቱ፣ አስገራሚና አስቂኝ ነበሩ። ማኬይን ከቀደምቶቹ የሚለየው፣ በመስመር የተሠራው ምስል ክብደት ያለው፣ ጠባይ ያለው፣ የሚያዝንና የሚደሰት ፍጡር መስሎ እንዲታይ ማድረጉ ነው።

ከካናዳ ከመጡ ወላጆች በ1860ዎቹ ማብቂያ ገደማ የተወለደው ማኬይ ያደገው፣ በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ስፕሪንግ ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ይሥል ነበር። አባቱ ግን ሥዕል እንጀራ ይሆናል ብለው ስላላመኑ በ1886 ወደ ንግድ ትምህርት ቤት ላኩት። ወጣቱ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ከመማር ይልቅ፣ ወደ ዲትሮይት ከተማ እየሄደ ዋንደርላንድ በተባለው የትርዒት ቤት የጎብኚዎችን መልክ በ25 ሳንቲም ይሥል ጀመር። በዚያን ጊዜ ጆን ጉዲሰን የተባለ የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪ ችሎታውን ተመልክቶ፣ የርቀትንና የቅርበትን አሣሣል እንዲሁም የጂኦሜትሪን ሕግ ለብቻው አስተማረው። ማኬይ ከዚያ ወዲህ የወሰደው የሥዕል ትምህርት ጥቂት ነው። ይሁንና ከዚህ መምህር ያገኘው ዕውቀት ዕድሜውን በሙሉ አገለገለው። በሥዕሎቹ ውስጥ የሚታዩት ሕንፃዎችና አዳራሾች ጥልቀት ያላቸው የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በ1889 ወደ ቺካጎ ሄዶ በማተሚያ ቤት የሰርከስ ማስታወቂያ ሥዕሎችን ሠራ። በ1891 ደግሞ ወደ ሲንሲናቲ ተሻግሮ ለትርዒት ቤት ማስታወቂያ ይሥል ጀመር፤ ትዳርም መሠረተ። ቀጥሎ ወደ ጋዜጣ ሥዕል ገባ። በ1903 ወደ ኒው ዮርክ ተጠርቶ ለሄራልድ ጋዜጣ መሥራት ከጀመረ በኋላ ስሙ በአገሩ ሁሉ ገነነ። በተለይም በኦክቶበር 1905 የጀመረው «ሊትል ኒሞ ኢን ስላምበርላንድ»፣ ማለትም «ትንሹ ኒሞ በእንቅልፍ አገር»፣ በየሳምንቱ በሙሉ የጋዜጣ ገጽ ላይ በቀለም ይወጣ ነበር። ኒሞ በየሌሊቱ በሕልሙ ወደ ድንቅ አገር የሚሄድ፣ በመጨረሻውም ሥዕል ላይ ሁልጊዜ ከአልጋው የሚነቃ ልጅ ነው። ይህ ሥራ ውበቱ የሚደነቅ ቢሆንም ከዘመኑ ጉድፍ የጸዳ አልነበረም። ከኒሞ ጓደኞች አንዱ የሆነውን ጥቁር ልጅ ማኬይ የሣለው፣ በጊዜው በነጮች ዘንድ የተለመደውን የዘር ንቀት በሚያንጸባርቅ መልክ ነበር። አንባቢ የሠዓሊውን ችሎታ ሲያደንቅ ይህንን ጉድለት አብሮ መመልከት ይገባዋል።

ማኬይ በ1906 ወደ መድረክ ወጣ። በሕዝብ ፊት ቆሞ በ15 ደቂቃ ውስጥ 25 ሥዕሎችን በጠመኔ ይሥል ነበር። ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የመራው ግን፣ እሱ ራሱ እንደተናገረው፣ ልጁ ወደ ቤት ያመጣቸው በጣት ሲገለጡ የሚንቀሳቀሱ የሥዕል ደብተሮች ናቸው። በ1911 ወደ 4,000 በሚጠጉ ሥዕሎች ኒሞንና ጓደኞቹን በፊልም አንቀሳቀሰ፤ ፊልሙንም በእጁ ቀለም ቀባው። በ1912 ደግሞ የተኛ ሰው ደም የምትመጥ ትንኝ ታሪክ ሠራ። ተመልካቹ ግን ያየውን አላመነም። አንዳንዱ ሕያው ተዋንያን ተቀርጸው ነው አለ፤ አንዳንዱም በገመድ የሚጎተት አሻንጉሊት ነው ብሎ ጠረጠረ። ማኬይም ጥርጣሬውን ለማስወገድ ማንም ፎቶግራፍ ሊያነሣው የማይችለውን እንስሳ መረጠ። ይኸውም ከምድር ገጽ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት ያለፉት ዳይኖሰር ነው።

«ገርቲ» የተባለችው ዳይኖሰር የተሠራችበት ዘዴ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ማኬይ የገርቲን አካል በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ይሥላል፤ ጆን ፊትዝሲመንስ የተባለው ወጣት ረዳቱ ደግሞ ተራራውን፣ ሐይቁንና ዛፉን በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንደገና እየገለበጠ ይሥላል። በዚያን ጊዜ የገርቲ አካል በሚያስተላልፍ ወረቀት ላይ ለብቻው ተሥሎ፣ በማይለወጥ ጀርባ ላይ የሚቀመጥበት ዘዴ በማኬይ እጅ አልነበረም። ሥዕሎቹ እንዳይዛነፉ በየወረቀቱ ማዕዘን ላይ የመስቀል ምልክት ይደረግ ነበር። ማኬይ የአንድን እንቅስቃሴ መነሻና መድረሻ አስቀድሞ ይሥልና መካከሉን በኋላ ይሞላል፤ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ሲኖርም አንዱን ሥዕል ደጋግሞ ይጠቀምበታል። የገርቲ ደረት ከፍና ዝቅ የሚልበትን ጊዜ ለመወሰን የራሱን አተነፋፈስ በሰዓት ይለካ ነበር። እንዲህ ባለው ትዕግሥት የተሠሩት ሥዕሎች 10,000 ያህል እንደነበሩ ይነገራል።

ገርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የታየችው በፌብሩዋሪ 1914 በቺካጎ ነው። ማኬይ አለንጋ ይዞ ከመጋረጃው አጠገብ ይቆምና እንደ እንስሳ አሠልጣኝ ይጠራታል። ገርቲም ከዋሻዋ ወጥታ እጅ ትነሣለች። አልታዘዝ ስትል ሲገሥጻት ታለቅሳለች፤ ፍሬ ሲወረውርላት ትቀልባለች። በመጨረሻም ማኬይ ከመጋረጃው ጀርባ ሲሠወር፣ በዚያው ቅጽበት በሥዕል የተሠራ ማኬይ በፊልሙ ውስጥ ይታያል፤ ገርቲም በጀርባዋ ተሸክማው ትሄዳለች። ተመልካቹ ያለቀሰችው ዳይኖሰር ወረቀትና ቀለም መሆኗን እያወቀ አዘነላት። ሥዕል ጠባይ ያለው ፍጡር ሊሆን እንደሚችል በግልጽ የታየው በዚህ ሥራ ነው።

ማኬይ የአሠራር ዘዴውን አልደበቀም። ጥበቡ የሁሉም መሆን አለበት ብሎ ያምን ስለነበረ ዘዴዎቹን በሕግ ለማስመዝገብ አልፈለገም። ሆኖም ጆን ራንዶልፍ ብሬይ የተባለ የካርቱን ፊልም አምራች ከእነዚህ ዘዴዎች ብዙዎቹን በራሱ ስም አስመዘገበ፤ ክርክርም ተነሣ። ፍርድ ቤቱ ለማኬይ ስለፈረደለት ብሬይ ለተወሰኑ ዓመታት ገንዘብ ከፈለው። ይሁንና የወደፊቱ መንገድ የብሬይ ነበር። ብሬይ ሥራውን ለብዙ ሠራተኞች አከፋፍሎ እንደ ፋብሪካ በፍጥነት አመረተ። በ1914 ኤርል ኸርድ ያስመዘገበው በሚያስተላልፍ ሴሉሎይድ ላይ የመሣል ዘዴም ሲጨመር፣ ጀርባውን በየጊዜው እንደገና መሣል ስለቀረ የሥራው ድካም እጅግ ተቃለለ። አንድ ሠዓሊ ከአንድ ረዳት ጋር የሚደክምበት ዘመን እያለፈ ሄደ።

ሌላው ፈተና ከአሠሪው መጣ። ማኬይ ከ1911 ጀምሮ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው፣ የብዙ ጋዜጦች ባለቤት በነበረው በዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ዘንድ ነው። ኸርስት ለሠዓሊው ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፍለው ለጋዜጣው እንዲሠራ እንጂ በየከተማው መድረክ እየዞረ እንዲጫወት አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ከኒው ዮርክ ውጭ እንዳይታይ ከለከለው፤ በኋላም የመድረክ ሥራውን እንዲተው አደረገው። የሕልም አገሮችን ይሥል የነበረው እጅ ለርእሰ አንቀጽ ማድመቂያ የሚሆኑ ሥዕሎችን እንዲሠራ ታዘዘ። ማኬይ ደመወዙን መረጠ፤ በተረፈው ጊዜ ግን ፊልም መሥራቱን አልተወም።

በሜይ 7 ቀን 1915 ሉሲታንያ የተባለችው የእንግሊዝ የመንገደኞች መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በ18 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ 1,200 ያህል ሰዎችም አለቁ። የአደጋው ፊልም አልነበረም። ማኬይ በራሱ ገንዘብ፣ ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ጊዜ፣ 25,000 በሚሆኑ ሥዕሎች አደጋውን እንደገና አሳየ። በዚህ ጊዜ እሱም የሴሉሎይድን ዘዴ ተጠቀመ። ፊልሙ በጁላይ 1918 ሲወጣ አሜሪካ ጦርነቱን ከገባች አንድ ዓመት አልፏት ነበር። በጭስ የታፈነችው መርከብ ቀስ በቀስ ስታዘም፣ ሰዎችም እንደ ጠብታ ወደ ባሕር ሲወድቁ ለሚያይ ሰው ሥራው ካርቱን ሳይሆን የዜና ፊልም ይመስላል። ኃይሉም አደጋውም በዚህ ላይ ነው። ፊልሙ በጀርመን ላይ ቁጣ ለማስነሣት የተዘጋጀ ሲሆን፣ መርከቧ የጠመንጃ ጥይት ጭና እንደነበር የመሰለውን ነገር ተመልካቹ እንዲመዝን ዕድል አልሰጠም። በእጅ የተሣለ ነገር እውነት መስሎ ሊታይ እንደሚችል ይህ ፊልም ያስተምራል።

ማኬይ በ1921 ከልጁ ከሮበርት ጋር ተጨማሪ አጫጭር ፊልሞችን ከሠራ በኋላ ከዚህ ጥበብ ራቀ። በ1927 የካርቱን ፊልም ሠራተኞች በኒው ዮርክ የክብር ግብዣ አደረጉለት። በዚያ ምሽት ያደረገው ንግግር አጭርና መራራ እንደነበረ ይነገራል። እሱ ጥበብ እንዲሆን አስቦ የጀመረውን ሥራ እነሱ ወደ ንግድ እንደለወጡት ገልጾ ወቀሳቸው። ማኬይ በጁላይ 26 ቀን 1934 በብሩክሊን ዐረፈ። በ1955 የዋልት ዲስኒ ድርጅት የገርቲን የመድረክ ትርዒት እንደገና አዘጋጅቶ በቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ የሥራው ባለቤት ከሞተ 21 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሠዓሊው ከሞተ በኋላ ሥራዎቹ ሌላ ሞት ሊሞቱ ተቃርበው ነበር። ብዙዎቹ ሥዕሎች በእሳት ወደሙ። ፊልሞቹ የተቀረጹበት ናይትሬት የተባለው ማቴሪያል በቀላሉ የሚቃጠልና በጊዜ ብዛት ወደ ዱቄት የሚለወጥ ስለሆነ፣ ከፊላቸው ሊድን አልቻለም። ከ1947 ወዲህ በወዳጆች እጅ ተጠብቀውና ተገልብጠው የተረፉት ብቻ ለዛሬ ትውልድ ደረሱ። ከ10,000ዎቹ የገርቲ ሥዕሎችም የተረፉት 400 ያህል ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ዕጣ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1988 ሐርጌሳ በዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ የሐርጌሳ ራዲዮ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት የቀዳቸው ዘፈኖች፣ ግጥሞችና ቲያትሮች ሊጠፉ ተቃርበው ነበር። የጣቢያው ሠራተኞችና ሌሎች የከተማዋ ሰዎች ግን ክሮችን ከፊሉን በመሬት ውስጥ በመቅበር፣ ከፊሉንም ወደ ጎረቤት አገሮች ይዘው በመውጣት አዳኗቸው። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ውስጥ ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። አንድ የጥበብ ሥራ ዕድሜ የሚኖረው በፈጣሪው ችሎታ ብቻ ሳይሆን በጠባቂዎቹም ትጋት መሆኑን ኒው ዮርክም ሐርጌሳም ይመሰክራሉ።

የማኬይ ጥበብ በአሜሪካ ተወስኖ አልቀረም። በግብፅ የፍሬንከል ወንድማማቾች በ1936 «ሚሽ ሚሽ ኤፈንዲ» የተባለውን የካርቱን ሰው ለተመልካች አቀረቡ። ኒጀራዊው ሙስጠፋ አላሳን ደግሞ በ1966 እንቁራሪቶችን ገጸ ባሕርይ አድርጎ «ቦን ቮያዥ ሲም» የተባለውን ፊልም በመሥራት ሥልጣን ላይ ባሉ ሰዎች ላይ ተሳለቀ። በዚህም ሥዕልን ማንቀሳቀስ ብዙ ገንዘብና ትልቅ ፋብሪካ ላላቸው ብቻ የተተወ አለመሆኑን አሳየ። ወረቀት፣ ቀለም፣ ትዕግሥትና የሚናገረው ነገር ያለው ሰው ካለ ሥዕል ይተነፍሳል።

ሐ. ምንባቡን የመረዳት መልመጃ

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. የካርቱን ፊልም ከተራው ፊልም በምን ይለያል?
2. ማኬይ ከብላክተንና ከኮል የሚለየው በምንድን ነው?
3. ማኬይ ዳይኖሰርን የመረጠው በምን ምክንያት ነው?
4. የኸርድ ዘዴ የሥዕሉን ሥራ እንዴት አቃለለው? ከፊትዝሲመንስ ሥራ ጋር አነጻጽሩ።
5. ስለ ሉሲታንያ የተሠራው ፊልም «ኃይሉም አደጋውም በዚህ ላይ ነው» የተባለው ለምንድን ነው?
6. በምንባቡ ውስጥ ሐርጌሳ የተጠቀሰችው ለምን ዓላማ ነው?

መ. የቃላት ጥናት

በ«ሀ» ሥር ያሉትን ቃላትና ሐረጎች በ«ለ» ሥር ከሚገኙት ፍችዎቻቸው ጋር አዛምዱ።

«ሀ»
1. ገነነ
2. ጉድፍ
3. እጅ ነሣ
4. እንጀራ ሆነ
5. ሰርጓጅ
6. ተሳለቀ

«ለ»
ሀ. ከውኃ በታች የሚሄድ
ለ. አላገጠ፣ አፌዘ
ሐ. መተዳደሪያ ሆነ
መ. ዝናው ከፍ አለ
ሠ. ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ
ረ. ነቀፋ፣ እንከን

ሠ. ሰዋስው

ግሶች እንደ አገባባቸው አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ሊሆኑ ይችላሉ። ምሳሌ፦ ረዳቱ ተራራውን ገለበጠ (አድራጊ)፤ ተራራው ተገለበጠ (ተደራጊ)፤ ማኬይ ተራራውን አስገለበጠ (አስደራጊ)።

የሚከተሉትን ግሶች በሦስቱም መልክ እያረባችሁ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

1. ቀበረ
2. ጠበቀ
3. ከፈለ
4. ሠራ

ረ. ክርክርና ድርሰት

1. ክፍሉ ለሁለት ቡድን ተከፍሎ «የጥበብ ሥራ ዘዴ የሁሉም መሆን አለበት ወይስ የፈጣሪው ንብረት?» በሚል ርእስ ይከራከር። እያንዳንዱ ቡድን ከምንባቡ ቢያንስ ሁለት ማስረጃዎችን ያቅርብ።
2. በአካባቢያችሁ ሊጠፋ የተቃረበ አንድ የጥበብ ሥራ፣ ለምሳሌ ዜማ፣ ተረት፣ ሽመና ወይም ሥዕል፣ መርጣችሁ ማን እንደፈጠረው፣ በማን እጅ እንደሚገኝና እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል ሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ጉዳዩን የሚያውቁ አንድ አዛውንት ጠይቁ።